የሙዐዊያ ተተኪ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የአቶ ደባልቄን ስም ያወጣው መልአክ ግን ቀልደኛ ሳይሆን አይቀርም። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ፋይል በጠፋ ቁጥር፣ የአንዱ ባለጉዳይ ማመልከቻ ከሌላው ጉርድ ፎቶግራፍ ጋር ተያይዞ በተገኘ ቁጥር፣ ባልደረቦቹ «ምን ያድርግ፣ ስሙ ነው» ይሉና ይስቃሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል። እውነቱን ለመናገር በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቱ ያደባለቀው ፋይል ከአምስት አይበልጥም። የደባለቀው ኑሮውን ነው። ለሁለት ዓመት ተብሎ ከደብረ ብርሃን አሶሳ የተመደበ ሰው፣ ባምባሲ ወርዶ ቃናኒን አገባና አሶሳ አመጣት፣ ሦስት ልጆች ወለደ፣ ግቢው ውስጥ አራት የማንጎ እግር ተከለና ቀረ። የዝውውር ማመልከቻ የጻፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱንም ሳያስገባው መሳቢያ ውስጥ ምስጥ በላው።

ሥራው የውጭ አገር ሰዎችን የሥራ ፈቃድ ማስተናገድ ነው። አሶሳ ላይ ይህ ድሮ ሥራ ተብሎ የሚቆጠር አልነበረም። በዓመት አንድ ሁለት የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ፣ አንድ የመንገድ መሐንዲስ፣ አልፎ አልፎ ከባሕር ማዶ የሚመጣ መምህር፣ በቃ። ኋላ ግን ዘመኑ የመመሪያ ዘመን ሆነ። አንዱን መመሪያ አንብቦ ሳይጨርስ የሚሽረው ይደርሳል፤ የሚሽረውን አስረድቶ ሳይጨርስ የማሻሻያው ማሻሻያ ይከተላል። ደባልቄ አልተማረረም። እንዲያውም ከመጡት ሁሉ አንዱን ወደደው። ማንኛውም የውጭ አገር ሠራተኛ ሙያውን የሚያስተምረው አንድ ኢትዮጵያዊ በስም ያስመዝግብ፣ ያም ሰው በቅጹ ላይ «ተተኪ» ተብሎ ይሞላ፣ ትምህርቱም በየሦስት ወሩ ሪፖርት ይደረግ የሚለውን ነው። ተተኪው ሙያውን ሲጨርስና ራሱን ሲችል፣ እንግዳው ተመስግኖ ወደ አገሩ ይሸኛል። ደባልቄ ይህን ለቃናኒ ሲያወራላት፣ መንግሥት አንዳንዴ የሰው ነገርም ያስባል ብሏት ነበር።

ሙዐዊያ ወደ ቢሮው የመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የጣቶቹ ጫፍ በድንጋይ የተፋተገ የደማዚን ሰው ነው። የሱዳኑ ጦርነት ከቤቱ ሲያስወጣው ፓስፖርቱ ላይ ማህተም አስመትቶ በኩርሙክ በኩል ገባ። እጄ ሥራ ታውቃለች፣ ራሴን እችላለሁ ብሎ በስደተኝነት አልተመዘገበም። እጁ የምታውቀው ሥራ ደግሞ የዋዛ አይደለም። የናፍጣ ሞተር ሲያስል ከሩቅ ሰምቶ ሕመሙን ይናገራል። የወፍጮ ድንጋይ ሲለዝና ዱቄት ማጋል ሲጀምር ፈትቶ፣ ገልብጦ፣ በመዶሻ ወቅሮ ጥርስ ያወጣለታል። አሠሪው እስከዳር ትባላለች። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በእናቷ ጀርባ ታዝላ የመጣች፣ ዛሬ ከአሶሳ ወጣ ብላ ባለች የሰፋሪዎች መንደር ወፍጮ ያላት ሴት ናት። እሱን ካገኘች ወዲህ የመንደሩ ሴቶች ማሽላቸውን ተሸክመው ሌላ ቦታ መሄዱን ትተዋል።

ያን ጊዜ ሙዐዊያ አማርኛ አይችልም፤ ደባልቄም ዐረብኛ አያውቅም። በመካከላቸው የቆመው የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ጁምዓ ነበር። ጁምዓ የበርታ ሰው ነው። ዐረብኛውን ከመድረሳና ከገበያ፣ አማርኛውን ከዚሁ በር ላይ ለቃቅሞ የተማረው ነው። አማርኛው ፈጣን ነው፤ ግን ወንድና ሴት አይለይም። ለኃላፊውም አንተ፣ ለጸሐፊዋም አንተ ነው። ሚስቱም «መጣ»፣ ላሙም «ወለደ» ነው። ሰው ሁሉ ለምዶታል፤ የሚታዘበው የለም።

ቅጹን ሲሞሉ ስም አለፈ፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም አለፈ። የጋብቻ ሁኔታ፣ ያገባ፤ ምልክት ተደረገ። ተተኪ የሚለው ላይ ሲደርሱ ጁምዓ ትንሽ አሰበና ለሙዐዊያ አንዲት ቃል ጣል አደረገለት። ዝምተኛው ሰው ፊቱ በራ። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንድ ስም ሁለት ጊዜ ተናገረ። ጁምዓም «ሳሊማ ሙዐዊያ» ብሎ አስተላለፈ፤ ደባልቄ ጻፈ። የተተኪው አባትም ሙዐዊያ መባሉን አላየም ማለት አይቻልም፤ አይቷል። ግን እዚህ አገር ሙዐዊያ ብርቅ ስም አይደለም፤ ሞክሼ ናቸው ብሎ አለፈው። ኢትዮጵያዊ መሆኑን ለማረጋገጥ ሲጠይቅ ጁምዓ «እዚሁ አሶሳ ተወለደ» አለው። የያኔው ቅጽ ከስም ሌላ የሚጠይቀው ነገር ስለሌለ ማህተሙ አረፈበት።

ሦስት ወር ሆነና የሪፖርቱ ቀን ደረሰ። ደባልቄ በጁምዓ በኩል ተተኪው እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ። መልሱ አጭር ነበር፤ መቀመጥ ጀምሯል። ደባልቄም «ተተኪው ሠልጣኝ በሥራ ቦታው ላይ መቀመጥ ጀምሯል» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው ሩብ ዓመት ላይ ጁምዓ ራሱ እየሳቀ «ጥርስ አወጣ» አለው። ደባልቄ ስለ ወፍጮ ጥርስ ከእስከዳር ሰምቶ ስለነበር ደስታው ወሰን አጣ፤ በስድስት ወር ድንጋይ ወቅሮ ጥርስ የሚያወጣ ልጅ የት ይገኛል? ሌላ የሚባል ካለ ብሎ ቢጠይቅ፣ ሙዐዊያ ሌሊት እንኳ እንቅልፍ አጥቻለሁ ማለቱን ጁምዓ ነገረው። ይህም «ሠልጣኙ ካለው ከፍተኛ ጉጉት የተነሣ ባለሙያውን ከሥራ ሰዓት ውጭም ዕረፍት ነሥቶታል» ሆኖ ገባ። ንግግርስ ሲል፣ ገና አይናገርም አለው። ሙያ በልብ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ሦስተኛው ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ «ተተኪው በአሁኑ ጊዜ በድጋፍ የሚቆም ሲሆን፣ በቅርቡ ራሱን ችሎ እንደሚሄድ ይጠበቃል።» ይህን ያነበቡት የበላይ ሰዎች በጣም ወደዱት። ሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች የሚልኩት የክህሎት ሽግግሩ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል የሚል አንድ ዓይነት ቃል ነው፤ የአሶሳው ሪፖርት ግን ሰው ሲያድግ ያሳያል። «ምርጥ ተሞክሮ» ተብሎ ተባዝቶ በየቦታው ተላከ። ለደባልቄም የምስክር ወረቀት መጣለት። በመስታወት አስገብቶ ከጠረጴዛው በላይ፣ ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ ሰቀለው። ቃናኒ ልታየው ቢሮ ድረስ መጥታ ነበር።

ከዚያ በግንቦት አጋማሽ አዲስ ደብዳቤ ገባ። የሥራ ፈቃዶች ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት ሊዛወሩ ነው። ከእንግዲህ የተተኪ ስም ብቻ አይበቃም። ተተኪው በአካል ይቅረብ፣ ፎቶ ይነሣ፣ የፋይዳ ቁጥሩን ያስመዝግብ። እስከ ግንቦት ሠላሳ ተተኪውን ያላቀረበ የውጭ አገር ሠራተኛ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ በጥቂት ቀናትም አገር ይለቃል። ከደብዳቤው ግርጌ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ወይዘሪት ሐኒ የተባሉ የቡድን መሪ ከዋናው መሥሪያ ቤት መጥተው ምርጡን ተሞክሮ በዓይናቸው ያያሉ፤ የሚመጡት ሐሙስ ነው። ደባልቄ ጫማውን አስጠረገ። ሙዐዊያ ሰኞ ጠዋት ተተኪውን ይዞ እንዲመጣም በጁምዓ ላከበት።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ሙዐዊያ መጣ። አጠገቡ ሰማያዊ ቶብ የተጎናጸፈች፣ ሕፃን ያቀፈች ወጣት ሴት አለች። ደባልቄ በመስኮት ሲያያት ሌላ ደስታ መጣለት፤ ለካ ተተኪው ሴት ናት! ጁምዓ መቼ ወንድና ሴት ይለያል? ሪፖርቱ ላይ የሴቶች ተሳትፎ የሚል ባዶ ዓምድ እንዳለ ትዝ አለው። በክብር አስቀመጣት፤ ከፀሐይ የመጣች ናት ብሎ ማራገቢያውን ወደ እሷ አዞረ። ልጅ አዝላ ድንጋይ መውቀሯን አደነቀላትና የፋይዳ ወረቀቷን ጠየቀ። ሴትዮዋ ባሏን አየች፣ ባሏ ጁምዓን አየ።

«እኔ ሰዕዲያ ነኝ» አለች ቀስ ብላ፤ ሕፃኗንም ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አቆመቻት። «ሳሊማ ይቺ ናት።»

ሳሊማ አንድ ዓመት ከአንድ ወሯ ነው። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ፣ በአራት ጥርሷ ለደባልቄ ሳቀችለት። ደባልቄ መነጽሩን አወለቀ። መቀመጥ ጀምሯል፣ ጥርስ ማውጣት ጀምሯል፣ ዕረፍት ነሥቶታል፣ በድጋፍ ይቆማል። አራቱም ቃል ተራ በተራ ፊቱ ላይ መጣበት። ምስክር ወረቀቱ ከጭንቅላቱ በላይ ተሰቅሎ እንዳለ ስለሚያውቅ ቀና ለማለት አፈረ።

መጀመሪያ የተቆጣው ጁምዓን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ግቢ ውስጥ ሲኖሩ እንዲህ ተቆጥቶት አያውቅም፤ ምን ብለህ ነው የጠየቅከው ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገበት። ጁምዓ አልደነገጠም።

«እኔ ‹ኸለፍህ ማነው› አልኩ። ተተኪ ማለት ኸለፍ ነው። እሱ ሳሊማ አለ። እኔ ሳሊማ ነገርኩህ» አለ። «የት ነው ጥፋት?»

ደባልቄ ጥፋቱን ፈለገው፤ አጣው። ጁምዓ እንዳስረዳው ኸለፍ ማለት ከሰው በኋላ ቦታውን የሚይዝ ማለት ነው፤ በዐረብኛ ተናጋሪው አፍ ደግሞ ልጅም ማለት ነው። ዐረብኛውን ተወውና ወደ ራሱ ቋንቋ ቢመለስ እዚያም ያው ሆነበት። እሱ ባደገበት አገር ሰው ሲሞት ለቀስተኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ተክቷል ወይ?» ብሎ ነው። ተክቷል ከተባለ ለቅሶው ይቀላል፤ ሳይተካ ከተባለ ይከብዳል። ማንም ወፍጮ ወቃሪ ትቶ ሞተ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ቅጹን ያዘጋጁት ሰዎች «ተተኪ» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ እነሱ ናቸው የሚያውቁት እንጂ፣ ሙዐዊያ በትክክል ነበር የመለሰው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ወረቀቱ የሳሊማን ስም ይዞ ዓመት ሊሞላው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የከነከነው ግን ከዚያ በኋላ የሰማው ነው። ሰዕዲያ እንደነገረችው፣ ሙዐዊያ በየሦስት ወሩ ከዚህ ቢሮ ሲመለስ ፊቱ ተለውጦ ነበር ቤት የሚገባው። ካይሮ ላለው ወንድሙ ደውሎ ስለዚህ አገር ያወራል። እዚህ በየሦስት ወሩ ልጅህ እንዴት ናት፣ ተቀመጠች ወይ፣ ጥርስ አበቀለች ወይ ብሎ የሚጠይቅ፣ የነገርከውንም በጽሑፍ የሚይዝ መሥሪያ ቤት አለ ይለዋል። ወንድሙ አላመነውም። ሙዐዊያ ግን በዚህ የተነሣ አሶሳ ላይ አንድም ቀን እንደ ባዕድ ተሰምቶት እንደማያውቅ በተሰባበረ አማርኛው ራሱ ጨመረበት። ስለ ልጅህ አልነበረም የጠየቅኩህ ተብሎ እንዴት ይነገራል?

ዞሮ ዞሮ መነገር ያለበት መነገር ነበረበት። ተተኪ የተባለው ሙያ የሚማር አዋቂ ሰው እንደሆነ፣ ሕፃን እንደማይሆን፣ እስከ ግንቦት ሠላሳ የሚቀርብ ከሌለ ፈቃዱ እንደሚሰረዝና ሙዐዊያ አገር እንደሚለቅ አስረዳቸው። ቀኑ ግንቦት አሥራ ስምንት ነው። ጁምዓ ሲተረጉም ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። ሰዕዲያ ሕፃኗን መልሳ አቀፈቻት።

«የት ነው የሚሄደው?» አለች።

ከቢሮው ውጭ፣ ከግቢው ማንጎ ሥር የተቀመጡት ባለጉዳዮች ወሬ ብቻ ይሰማል።

እስከዳር ወሬው ደርሷት ወዲያው በባጃጅ ከተፍ አለች። መፍትሔ አላጣችም። «ጋሼ፣ የወንድሜን ልጅ ስም አግባበትና ተገላገል። ስሙን በስህተት ነው የጻፍኩት በል፤ ማን ያየሃል? እኔም አላየሁም» አለችው። ደባልቄ እንዳልሰማ ሊያልፈው ፈለገ፤ ግን ሰምቷል። የእስከዳር ወንድም ልጅ ወፍጮውን የሚያውቀው ከውጭ ነው፤ ቢሆንም ፎቶ ይነሣል፣ ፋይዳ አለው፣ ሐሙስ ቀን ድንጋዩ አጠገብ ቢያቆሙት የሚለየው የለም። ደባልቄ ለጡረታ ሦስት ዓመት ነው የቀረው። ምስክር ወረቀቱም ከግድግዳው ላይ አይወርድም። ምሳ በልቼ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ።

ቤት ገብቶ ለቃናኒ ሲነግራት፣ ቃናኒ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ጥርስ ማውጣት» ላይ ስትደርስ ትሪውን አስቀምጣ ወገቧን ያዘች። እሱ ግን አልሳቀም። ሰውየው ሊባረር ነው፣ እኔም በሐሰት ሪፖርት ልከሰስ ነው ሲላት ከአጠገቡ ተቀመጠች።

«ለመሆኑ አንተን ለሁለት ዓመት ብለው ሲልኩህ፣ በማን ፈቃድ ነው የቀረኸው?» አለችው።

«በአንቺ ነዋ» አለ ደባልቄ ሳያስብ።

እንዲህ ብሎ ጉርሻውን ወደ አፉ ሊወስድ ሲል እጁ ቆመ። ሰዕዲያ ጠዋት በወሬዋ መካከል እንደነገረችው የአሶሳ ልጅ ናት። አባቷ የማንጎ ነጋዴ ናቸው፤ ጁምዓም ሩቅ ዘመዷ ነው። ኢትዮጵያዊት ናት! ሳሊማም የኢትዮጵያዊት ልጅ ናት። ደባልቄ ውኃውን ጠጥቶ ተነሣ። ቃናኒ ምሳህስ ብትለው በሩ ላይ ሆኖ እጁን ብቻ አወዛወዘላት።

የመመሪያዎቹ ክምር ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ነው። አቧራውን እያራገፈ ፈለገ፤ ሲፈልግ የቆየውንም ከመካከል አገኘው። አንድም ሰው ጠይቆት ስለማያውቅ ገልጦት የማያውቀው፣ ስለ ቤተሰብ የሚናገር ክፍል ነው። ከኢትዮጵያዊት ጋር የተጋባና ልጅ ያለው የውጭ አገር ሰው ጉዳዩ በሌላ መንገድ ይታያል፤ በቤተሰቡ በኩል የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ይሠራል፣ ተተኪ አምጣ አይባልም። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ሙዐዊያን አስጠርቶ፣ ሚስትህ የዚህ አገር ሰው መሆኗን ለምን አልነገርከኝም አለው። ሙዐዊያን የዚህ ጥያቄ ነገር ገረመው። ቅጹ ያገባ ነህ ወይ አለኝ፣ አዎ አልኩ፤ ማንን አላለኝም ብሎ መለሰ። ይህም ትክክል ነበር።

አንድ ነገር ጎደለ። ጋብቻቸው በኒካህ እንጂ በማዘጋጃ ቤት አልተመዘገበም፤ ልጅቷም የልደት ወረቀት የላትም። ማክሰኞና ረቡዕ ደባልቄ ቢሮ ውስጥ አልተገኘም። የእስከዳር ባጃጅ ከሼኹ ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ወሳኝ ኩነት፣ የረሱት ወረቀት ሲኖር ተመልሳ ወደ ሼኹ ቤት ስትመላለስ ዋለች። ሼኹ ኒካሁን ያሰሩበትን ቀን ከነምስክሮቹ አስታውሰው ጻፉ። ጁምዓ ምስክር ሆኖ ፈረመ። እስከዳርም ፈረመች፤ የወንድሟን ልጅ ነገር ግን መልሳ አላነሳችም። መዝጋቢው የሳሊማን ጾታ ሲጠይቅ ጁምዓ «ሴት ነው» ብሎ መለሰና ሁሉም ሳቁ። ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ ሁለቱም ወረቀት እጃቸው ገባ። ዝናቡ ሲጀምር ወረቀቶቹን በሸሚዙ ውስጥ ከትቶ ያዳናቸው ሙዐዊያ ነው።

ወይዘሪት ሐኒ ሐሙስ ጠዋት ላፕቶፕዋን አንግባ መጣች። ወጣት ናት፤ ሪፖርቱን በቃሏ ታውቀዋለች። ጁምዓ በሩ ላይ «እንደምን አደርክ፣ ግባ» ብሎ ተቀበላት። ገብታ ግድግዳውን ስታይ ምስክር ወረቀቱ የለም፤ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። ደባልቄ ራሱ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፍቶታል። ሌሊቱን ያዘጋጀው ንግግር ነበረው። ሲቆም ግን ሁሉም ጠፋበትና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደሆነው እንደሆነው ነገራት። ስለ ጁምዓም፣ ስለ ኸለፍም፣ ስለ ራሱ መቸኮልም። ቅጹን አልወቀሰም።

ሐኒ ሦስቱን ሪፖርቶች አወጣችና አንድ በአንድ ድምፅ አውጥታ ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያውን በኮስታራ ፊት ጨረሰችው። ሁለተኛው ላይ ዕረፍት ነሥቶታል የሚለው ቦታ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ወረቀቱን ፊቷ ላይ ጋርዳ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ወረቀቱን ስታወርድ ዓይኗ ረጥቦ ነበር። ተሞክሮው በየክልሉ የተላከ መሆኑን፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ከሷ ጀምሮ መሳቂያ እንደሚሆን ነገረችው።

«አቶ ደባልቄ፣ ማስጠንቀቂያ መጻፌ አይቀርም» አለች። «እርስዎም ያውቁታል።»

«ይጻፉ» አለ ደባልቄ። «ይቺን ግን አስቀድመው ይዩልኝ።» የቤተሰቡን ፋይል አቀረበላት።

ገልጣ አየችው። የጋብቻውን አየች፣ የልደቱን አየች፣ ቀኖቹን አመሳከረች፤ ጉድለት አላገኘችበትም። የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው አለችው፤ በኢትዮጵያ ለመኖር የጠየቁበት ምክንያት የሚለው ባዶ ነው። ባለጉዳዩ ራሱ ይመልስ አለች። ሙዐዊያን ከማንጎው ሥር ጠሩት። ሰዕዲያና ሳሊማም ተከተሉት። ጁምዓ ጥያቄውን ተረጎመለት። ሙዐዊያ ብዙ አላሰበም፤ በአንዲት ቃል መለሰ።

በዚህ ጊዜ ደባልቄ ብዕሩን አላነሣም። ሰው ከስህተቱ ይማራልና ጁምዓን ምን ማለቱ ነው ብሎ ጠየቀ፤ ደግሞም ጠየቀ።

«ያው የድሮው ነው» አለ ጁምዓ። «ኸለፍ።»

ደባልቄ ሐኒን አያት። ሐኒም ራሷን ነቀነቀች። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ከጻፋቸው ሁሉ በሚያምረው የእጅ ጽሑፉ «ተተኪ ስላለኝ» ብሎ ሞላው። ሐኒ ፈረመችበት። ስትወጣ የተደፋውን ምስክር ወረቀት አንሥታ አየችውና እዚያው ምስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው፤ ለምን እንደሆነ አልተናገረችም፣ እሱም አልጠየቃት።

ማስጠንቀቂያው በአሥራ አምስተኛው ቀን መጣ። ለደባልቄ በአገልግሎት ዘመኑ የመጀመሪያው ነው። ቃናኒ ድምፅ አውጥታ አነበበችለት፤ «ሕፃንን በሠልጣኝነት በመመዝገብ» የሚለው ጋ ስትደርስ ሁለቱም ሳቁና ፋይል አደረጉት። በሰኔ አጋማሽ የሙዐዊያ የመኖሪያ ፈቃድ ደረሰ። እስከዳር ሊያመልጠኝ ነበር እኮ፣ ወይ ጉዴ እያለች ለመንደሩ ሁሉ ነገረች። ሙዐዊያ ፈቃዱን ሊወስድ ሲመጣ ቤተሰቡን በሙሉ ይዞ ነው፤ እጁ ገና የድንጋይ አቧራ ነበረበት። ወረቀቱን ተቀብሎ በደባልቄ እጅ ላይ ጎንበስ ሲል ደባልቄ ትከሻውን ይዞ ቀና አደረገው። ሁለቱም ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ያፈረ የለም።

በዚህ መካከል ሳሊማ የጠረጴዛውን እግር ለቀቀች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ሄዳ የጁምዓን ሱሪ ያዘች። ጁምዓ «ሄደ» አለ። ሰዕዲያ በእልልታ ቢሮውን ሞላችው።

የሰኔው ሪፖርት ገና አልተላከም ነበር። የሙዐዊያ ፋይል ከተተኪዎች መዝገብ ስለወጣ ሪፖርት አያስፈልገውም፤ ደባልቄ ይህን ያውቃል። ያም ሆኖ እንግዶቹ ሲወጡ ወረቀት አወጣና ለወይዘሪት ሐኒ ሁለት መስመር ጻፈ። ጾታውንም በዚህ ጊዜ አልሳተም።

«አራተኛ ሩብ ዓመት፦ ተተኪዋ ዛሬ ራሷን ችላ ሄዳለች። ባለሙያው ግን የትም አይሄድም።»